ማ ኢን ቃቲ፦ የሜክሲኮ ወረራ በአስተርጓሚ ዓይን

በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ዲዬጎ ዴ ላንዳ የሚባል ስፔናዊ መነኩሴ ዛሬ የሜክሲኮ ግዛት በሆነው በዩካታን ልሳነ ምድር አንድ የማያ ጸሐፊ አጠገቡ አስቀምጦ ፊደላቸውን እንዲያሳየው ጠየቀው። ላንዳ የስፔንኛውን ፊደል በተራ ይጠራል፤ ጸሐፊው ለሰማው ድምፅ አንድ አንድ ምልክት ይሥላል። መነኩሴው በኋላ በጻፈው መጽሐፍ ከዚያ የፊደል ገበታ ጋር ለምሳሌ ያህል አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አስፍሯል፤ «ማ ኢን ቃቲ» ትላለች። ትርጉሟ «አልፈልግም» ማለት ነው። የመነኩሴው ጥያቄ ያሰለቸው ጸሐፊ በዘዴ ያስገባት ናት ብለው የሚገምቱ ሊቃውንት አሉ። እኔም ከሙያዬ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም፣ ግምቱን ማመን ደስ ይለኛል።

ሙያዬ አስተርጓሚነት ነው። እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ በሆስፒታልና በፍርድ ቤት በአማርኛና በእንግሊዝኛ መካከል ስመላለስ 11 ዓመት ሆኖኛል። ስለ አዝቴክና ስለ ማያ ሥልጣኔ፣ ስለ ስፔናውያኑም ወረራ በተማሪነቴ የሰማሁት ታሪክ የፈረስ፣ የብረትና የባሩድ ታሪክ ነበር፤ ጥቂት መቶ ደፋሮች ሚሊዮኖችን አሸነፉ ይልና ያበቃል። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን በትርፍ ጊዜዬ ደጋግሜ ሳነብ ግን ዓይኔ የሚያርፈው ሰይፍ ከያዘው ሰው ይልቅ ከጎኑ ቆሞ በሚናገረው ላይ ሆነ፤ ማን ምን አለ፣ በመካከል ያለው እንዴት አድርጎ አሻገረው፣ ሰሚውስ ምን ብሎ ተረዳው? ከዚህ በታች የምጽፈው በዚያ ዓይን የታየውን ነው። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ስፔናውያኑ ከአዲሱ ዓለም ሕዝብ ጋር ለመነጋገር ብዙ የተጨነቁ አይመስሉም ነበር። በ1513 የተዘጋጀው «ሬኬሪሚየንቶ» የተባለው አዋጅ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ጦሩ ውጊያ ከመክፈቱ በፊት ለአገሬው ሰው እንዲነበብ የታዘዘው ይህ ጽሑፍ፣ እግዚአብሔር ዓለምን እንደፈጠረ፣ የሮማው ሊቀ ጳጳስም ያንን ምድር ለስፔን ነገሥታት እንደሰጡ ይተርክና፣ ካልተገዛችሁ ለሚደርስባችሁ ሞትና ጥፋት ተጠያቂዎቹ እናንተው ናችሁ ብሎ ይደመድማል። የሚነበበው በስፔንኛ ነው። አድማጩ አንዲት ቃል ባይሰማም፣ ሰው ሸሽቶ ባዶውን በቀረ መንደር ቢነበብም፣ መነበቡ በጽሑፍ ከተመሰከረ ሕጉ ተፈጽሟል። ለአገሬው ተወላጆች ጥብቅና የቆመው መነኩሴ ባርቶሎሜ ዴ ላስ ካሳስ በዚህ ሰነድ ይሳቅ ወይስ ይለቀስ ግራ እንደገባው ጽፏል።

ኤርናን ኮርቴስ ከቀደሙት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በፌብሩዋሪ 1519 በ11 መርከቦች፣ 500 ያህል ወታደሮችና 16 ፈረሶች ይዞ ከኩባ ሲነሣ፣ ገና ከመነሻው ያስፈለገው ሌላ መድፍ ሳይሆን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ነበር። ኮሱሜል ከተባለችው ደሴት ሲደርስ፣ በ1511 መርከባቸው ሰጥማ በማያዎች እጅ የወደቁ ስፔናውያን በአካባቢው እንዳሉ ሰማና መልእክት ላከባቸው። ከመካከላቸው ሁለቱ በሕይወት ነበሩ። ሄሮኒሞ ዴ አጊላር የተባለው ዲያቆን ጥሪውን እንደሰማ እየሮጠ መጣ፤ ስምንት ዓመት በባርነት ሲኖር የማያን ቋንቋ አሳምሮ ተምሮ ነበር። ሌላው ጎንሳሎ ጌሬሮ ግን አልመጣም። ፊቱን ተነቅሷል፣ ጆሮውን ተበስቷል፣ ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት፤ በዚህ መልኬ ስፔናውያኑ ምን ይሉኛል ብሎ እንደቀረ የዘመቻው ወታደር ቤርናል ዲያስ ተርኳል። ጌሬሮ በመጨረሻ ከማያዎች ጋር ተሰልፎ የገዛ ወገኖቹን ሲዋጋ ሞተ። አንዱ ቋንቋውን ተምሮ አስተርጓሚ ሆነ፣ ሌላው ቋንቋውን ተምሮ የአገሩ ሰው ሆነ፤ ለእኔ ከወረራው ታሪክ ሁሉ እንደነዚህ ሁለት ሰዎች የሚያስደንቀኝ የለም።

አጊላር የሚያውቀው ማያ ብቻ ነው፤ አዝቴኮች የሚናገሩት ደግሞ ፍጹም የተለየውን ናዋትልን ነው። ይህን ክፍተት የሞላችው አንዲት ወጣት ባሪያ ናት። ታባስኮ አጠገብ በተደረገው ውጊያ የተሸነፉት የማያ አለቆች ለኮርቴስ 20 ሴቶች በእጅ መንሻነት ሲሰጡ እሷም አብራ ተሰጠች። አፏን የፈታችው በናዋትል ነው፤ በልጅነቷ ወደ ማያ አገር ተሰጥታ ስላደገች ማያም ታውቃለች። ስፔናውያኑ አጠመቋትና ማሪና አሏት። ናዋትል የ«ር» ድምፅ ስለሌለው አገሬው «ማሊና» አላት፤ የአክብሮት ቅጥያ የሆነውን «ትሲን» ጨምሮም «ማሊንትሲን» ብሎ ጠራት። ስፔናውያኑ ያንኑ መልሰው ሲሰሙት «ማሊንቼ» ሆነ። ለባሪያይቱ የተጨመረችው ቅጥያ እኛ «አንቺ» ማለትን ትተን «እርስዎ» እንደምንለው ያለች ናት። እንዲያውም አገሬው ኮርቴስን ራሱን «ማሊንቼ» እያለ ይጠራው ነበር፤ የሚናገረው በእሷ አፍ ነዋ!

ስለዚህ የአዝቴክ መልእክተኛ በናዋትል ሲናገር ማሊንትሲን ወደ ማያ፣ አጊላር ከማያ ወደ ስፔንኛ ይመልሱታል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ይህን አሠራር እኔም አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ በሆስፒታል ሲዳምኛ ብቻ የሚናገሩ እናት ገጥመውኝ፣ የወንድማቸው ልጅ ወደ አማርኛ፣ እኔ ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ስንመልስ ውለናል። ሐኪሙ «ሕመሙ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ። እማማ ለሦስት ደቂቃ ያህል እጃቸውን እያወራጩ ተናገሩ፤ ልጁ አዳምጦ «ከፋሲካ ወዲህ ነው» አለኝ። በዚያ ሦስት ደቂቃ ውስጥ የነበረውን ሁሉ ሐኪሙም እኔም አጣነው። እዚያ ክፍል ውስጥ የነበረው የአንዲት ሴት ወገብ ነው፤ በኖቬምበር 8 ቀን 1519፣ የአዝቴኮች ንጉሥ ሞክቴሱማ ኮርቴስን ሲቀበል፣ በዋና ከተማቸው በቴኖችቲትላን መግቢያ ላይ የነበረው ግን የአንድ መንግሥት ዕጣ ነበር።

ቴኖችቲትላን በሐይቅ መካከል ባለ ደሴት ላይ የተሠራች፣ በሰፋፊ የድንጋይና የአፈር ጎዳናዎች ከየብስ ጋር የተያያዘች ከተማ ነበረች። ጨዋማው የሐይቁ ውኃ ከጨው አልባው እንዳይቀላቀል ረጅም ግድብ ተሠርቶለታል፤ የመጠጥ ውኃ ከቻፑልቴፔክ ምንጭ በሁለት ቦይ ይመጣል፤ አንዱ ሲጸዳ ሌላው ይፈስሳል። «ቺናምፓ» የሚባሉት ከሐይቁ ጭቃ የተደለደሉ መደቦች በዓመት ብዙ ጊዜ ምርት ይሰጣሉ። በትላቴሎልኮ ገበያ በየቀኑ ከ60,000 በላይ ሰው እንደሚገበያይ፣ በገበያው መካከልም ዳኞች ተቀምጠው ሸንጎ እንደሚውሉ ኮርቴስ ራሱ ጽፏል። የዕለት መገበያያው፣ በእኛ አገር አሞሌ ጨው እንደነበረው ሁሉ፣ የካካዎ ፍሬ ነበር። ገንዘብ ካለ አጭበርባሪም አይጠፋምና፣ ሰምና የአቮካዶ ፍሬ ካካዎ አስመስሎ የሚሸጥ ነጋዴ እንደነበረ ናዋዎቹ (ናዋትል ተናጋሪዎቹ የአገሬው ሰዎች) ራሳቸው መዝግበዋል።

የዚህች ከተማ ንጉሥ ማዕረግ «ትላቶዋኒ» ነው፤ ቃል በቃል «ተናጋሪ» ማለት ነው። እኛ ዘንድ አፈ ንጉሥ የንጉሡ ሹም ነበር፤ እነሱ ዘንድ አፍ የሆነው ንጉሡ ራሱ ነው። እንዲህ ባለ አገር የንጉሥ ንግግር ተራ ወሬ አይደለም፤ ተጠንቶና ተሰልቶ፣ በምሳሌ ተሞልቶ የሚቀርብ ጥበብ ነው። በናዋትል የመኳንንት አነጋገር ትልቁ ሰው ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ እንግዳውን ከፍ አድርጎ ይናገራል። ሞክቴሱማም ኮርቴስን ሲቀበለው በዚሁ ወግ ነበር የተናገረው፤ በኋላ በናዋትል እንደተጻፈው ከሆነ፣ ደክመሃል፣ ወደ ከተማህ ደርሰሃል፣ ለጥቂት ጊዜ ስንጠብቅልህ በነበረው ምንጣፍህና ዙፋንህ ላይ ተቀመጥ የሚል መንፈስ ያለው ንግግር ነው።

ኮርቴስ ይህን ለስፔኑ ንጉሥ ለካርሎስ የጻፈው ሞክቴሱማ በፈቃዱ መንግሥቱን አስረከበ ብሎ ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ፈገግ እላለሁ። እኛም እንግዳ ሲመጣ «ቤቱ የእርስዎ ነው፤ ይጫወቱ» እንላለን፤ እንግዳው የቤቱን ካርታና ፕላን ተቀብሎ ይሂድ ማለታችን ግን አይደለም። ትሕትና የበዛበትን አነጋገር በሁለት አፍ አሳልፈህ ወደ ሦስተኛ ቋንቋ ስታመጣው ወጉ ይራገፍና ባዶ ቃሉ ይቀራል። ይህም ሆኖ ስሕተቱን በአስተርጓሚዎቹ ላይ መደፍደፍ አይገባም። ኮርቴስ ደብዳቤውን የጻፈው በኦክቶበር 1520፣ ከከተማዪቱ በውርደት ተባርሮ ከወጣ በኋላ ነው፤ ከኩባው ገዥ ትእዛዝ ያፈነገጠ ሰው ስለነበርም ዘመቻውን ሕጋዊ የሚያደርግለት ነገር ያስፈልገው ነበር። ሞክቴሱማ መንግሥቱን አስረክቦ ከነበረ የሚዋጉት አዝቴኮች አገራቸውን የሚከላከሉ ሳይሆኑ ዐመፀኞች ይሆናሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ኮርቴስ የሰማው የሚፈልገውን ነው። ኬትሳልኮዋትል የተባለው አምላክ ነው ብለው ተቀበሉት የሚባለውም ቢሆን በዚያን ጊዜ በተጻፉት በራሱ ደብዳቤዎች ውስጥ የለም፤ በኋላ የተስፋፋ ትረካ ነው።

አዝቴኮችን ምንም ሳያጠፉ በደል የተፈጸመባቸው አድርጌ መሳል አልፈልግም። ጎረቤቶቻቸውን በግብር አስጨንቀዋል፤ ሰውንም ለአማልክቶቻቸው ሠውተዋል። ዛሬ ከሜክሲኮ ሲቲ ካቴድራል ጀርባ ከ2015 ጀምሮ በተደረገው ቁፋሮ ከ600 በላይ የሰው ራስ ቅሎች የተደረደሩበት ግንብ ተገኝቷል። በኋላ የምመለስበትን መጽሐፍ ማቃጠልንም ስፔናውያን ብቻ አልጀመሩትም፤ ኢትስኮዋትል የተባለው የአዝቴክ ንጉሥ የቀድሞ የታሪክ መጻሕፍትን እንዳስቃጠለ ይነገራል። የማሊንትሲን ምላስ ዋጋ ያወጣው በዚህ ቂም ላይ ነው። ትላሽካላ የተባለችው አገር በአዝቴኮች ተከብባ ጨውና ጥጥ ተከልክላ ትኖር ነበር። በሴፕቴምበር 1519 ኮርቴስን በብርቱ ከተዋጋችው በኋላ፣ በንግግር የጦር ጓዱ ሆነች። ፈረስ ያንን ስምምነት ሊያመጣ አይችልም፤ ያመጣው ቃል ነው። በ1521 ቴኖችቲትላንን ከከበበው ሠራዊት እጅግ የሚበዛው ስፔናዊ ሳይሆን በአስር ሺዎች የሚቆጠር የትላሽካላና የሌሎች ከተሞች ጦር ነበር፤ በሐይቁ ላይ የተዋጉት 13 ጀልባዎች እንኳ ትላሽካላ ውስጥ ተሠርተው፣ ተፈታተው፣ በሰው ጫንቃ ተራራ ተሻግረው የመጡ ናቸው።

ከበባው ከመጀመሩ በፊት ፈንጣጣ ገብቷል። ሞክቴሱማን የተካው ኩዊትላዋክ በዙፋኑ ላይ 80 ቀን ያህል ቆይቶ በዚሁ በሽታ ሞተ። የታመሙት መገላበጥ እስኪያቅታቸው ደርሰው፣ አስታማሚ ጠፍቶ ብዙዎች በረሃብ እንዳለቁ ናዋዎቹ ጽፈዋል። ነሐሴ ሲሆን፣ ማለትም ኦገስት 13 ቀን 1521፣ የመጨረሻው ንጉሥ ኩዋውቴሞክ ተያዘና ከተማዪቱ ወደቀች።

ናዋዎቹ ጽፈዋል ስል ቀልድ አይደለም። በ1536 በትላቴሎልኮ በተከፈተው ኮሌጅ የተማሩ የመኳንንት ልጆች ላቲን፣ ስፔንኛና ናዋትል ይጽፉ ነበር። ፍራንሲስካዊው መነኩሴ ቤርናርዲኖ ዴ ሳሃጉን ከእነሱ ጋር ሆኖ ያዘጋጀው የ12 መጻሕፍት ሥራ ገጾቹ በሁለት ዐምድ የተከፈሉ ናቸው፤ በአንዱ ናዋትል፣ በሌላው ስፔንኛ። ስፔንኛው ባጠረበት ቦታ ናዋትሉ ይረዝማል። ሁለቱን ዐምዶች ጎን ለጎን ሳይ የእማማ ሦስት ደቂቃ ትዝ ይለኛል።

የማያ ታሪክ ከዚህ በጣም ይለያል። ቲካልና ፓሌንኬን የመሰሉት ታላላቅ ከተሞች ስፔናውያኑ ከመምጣታቸው ከ600 ዓመት በፊት ሰው ለቅቋቸዋል፤ በዩካታን የቀሩት አገዛዞች ብዙና የተከፋፈሉ ነበሩ። ለወራሪው ይህ ምቹ መስሎ ይታያል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። አዝቴክን ለመጣል አንድ ከተማ መያዝ በቂ ነበር፤ ማያ ግን የሚያዝ ራስ አልነበረውም። የመጨረሻዪቱ ነጻ የማያ መንግሥት፣ በዛሬዪቱ ጓቴማላ በፔቴን ኢትሳ ሐይቅ ደሴት ላይ የነበረችው ኖኽፔቴን፣ የወደቀችው በማርች 1697 ነው፤ ከቴኖችቲትላን ከ175 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ኮርቴስ ራሱ በ1525 በዚያች ደሴት ሲያልፍ እግሩ የተጎዳ ፈረሱን ለኢትሳዎቹ አደራ ሰጥቶ ሄደ። ፈረሱ ሞተ፤ እነሱም ምስሉን ሠርተው ያከብሩት ጀመር። በ1618 የመጡ መነኮሳት ይህን ጣዖት ሲያዩ አንዱ በንዴት ድንጋይ አንሥቶ ሰባበረው። ማያዎች ፈረስን የጠሩበት ቃል «ትሲሚን» ነው፤ ከዚያ በፊት ታፒር የተባለው የጫካ እንስሳ ስም ነበር። አዝቴኮች በበኩላቸው አጋዘን አሉት።

ወደ ላንዳ ልመለስ። በጁላይ 12 ቀን 1562 ማኒ በምትባል ከተማ፣ ተጠምቀው በስውር ጣዖት ያመልካሉ የተባሉ ማያዎችን በሥቃይ ከመረመረ በኋላ፣ ጣዖቶቻቸውንና መጻሕፍታቸውን ሰብስቦ አቃጠለ። የዲያብሎስ ውሸት ያልተገኘበት ስላልነበረ ሁሉንም አቃጠልናቸው፤ እጅግም አዘኑ ሲል ራሱ መስክሯል። የማያ መጽሐፍ ከዛፍ ቅርፊት በተሠራ ወረቀት ላይ ኖራ ተቀብቶ የሚጻፍ፣ እንደ እኛ ሰንሱል እየታጠፈ የሚዘረጋ ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ የቀሩት አራት ብቻ ናቸው። ላንዳ በፈጸመው ግፍ ተከስሶ ወደ ስፔን ተመለሰና፣ እዚያ ሳለ በ1566 ገደማ ስለ ዩካታን መጽሐፍ ጻፈ፤ ያ የፊደል ገበታ ያለው በዚህ ውስጥ ነው። ከክሱ ነጻ ወጥቶም የዩካታን ጳጳስ ተደርጎ ተሾመ። ያቃጠለውን መጻሕፍት ለማንበብ ቁልፉን ያተረፈልን እሱው መሆኑ ያናድዳል።

ቁልፉ ግን ለረጅም ጊዜ በሩን አልከፈተም። የመጽሐፉ አጭር ቅጂ በ1862 ማድሪድ ውስጥ ከተገኘ በኋላ አውሮፓውያን ሊቃውንት እንደ ላቲን ፊደል፣ አንዱን ምልክት አንድ ተነባቢ አድርገው ሞከሩት፤ የሚያነብቡት ሁሉ ትርጉም አጣ። ፊደል የቆጠረ ኢትዮጵያዊ ቢያየው ግን ምን እንደሆነ የሚጠረጥር ይመስለኛል። ላንዳ «ቤ» ብሎ የስፔንኛውን ፊደል ስም ሲጠራ፣ ጸሐፊው በመንገድ ላይ ያለ የእግር ዱካ ሣለ፤ በማያ «ቤ» መንገድ ነው። ማለትም የጻፈው «ብ»ን ሳይሆን «ቤ»ን ነው። ላንዳ ደግሞ ወጥመድ ማለት የሆነውን «ሌ» የሚለውን ቃል እንዲጽፍለት በስፔን ልጆች አቆጣጠር «ኤሌ፣ ኤ፣ ሌ» ብሎ ሆሄ ቆጠረለት። ጸሐፊው የሰማውን ሁሉ አንድ በአንድ አሰፈረው፦ ኤ፣ ሌ፣ ኤ፣ ሌ። መነኩሴው አንድ ቃል ለምን ይህን ያህል እንደሚረዝም ግራ ገባው። «ማ ኢን ቃቲ»ም በአምስት ምልክት ተጻፈች፤ ማ-ኢ-ን-ቃ-ቲ። በእኛም ፊደል ቁጥሯ ያው ነው።

በ1952 ሌኒንግራድ የነበረው የሶቪየት ተመራማሪ ዩሪ ክኖሮዞቭ የላንዳ ምልክቶች የተነባቢና የአናባቢ ጥምር መሆናቸውን አሳየ። ድሬስደን ከተማ ባለው የማያ መጽሐፍ ላይ ከአንድ የዱር ተርኪ ሥዕል በላይ ያሉትን ሁለት ምልክቶች «ኩ» እና «ትሱ» ብሎ አነበባቸው፤ በማያ የዚያ ወፍ ስም «ኩትስ» ነው። «ትሱ» ከ«ሉ» ጋር ደግሞ ከውሻ ሥዕል በላይ ተገኘ፤ ውሻ «ትሱል» ነው። ማያዎች ሳድስ የላቸውም፤ ቃሉ በተነባቢ ሲያልቅ የመጨረሻውን ምልክት አናባቢ ዝም ያሰኙታል። በዘመኑ የማያ ጥናት አባት የነበረው ኤሪክ ቶምፕሰን በ1975 እስኪሞት ድረስ ይህን አልተቀበለም፤ እውነቱ ግን ከክኖሮዞቭ ጋር ነበር።

ሌላም የሚያስቀኝ ነገር አለ። በዩካታን ማያ ለስፔናውያን ጆሮ የሚያስቸግሩ አምስት ፈንጂ ድምፆች ነበሩ፤ መነኮሳቱ ለእነሱ ልዩ ሆሄ ሲፈልጉ ብዙ ደክመዋል። አምስቱ ድምፆች ጵ፣ ጥ፣ ጽ፣ ጭ፣ ቅ ናቸው። ፀሐይ «ቂን» ነው፤ የጉድጓድ ውኃ «ጬን» ነው፤ ቱሪስት ሁሉ «ቺቼን ኢትሳ» የሚላት ከተማ ስሟ «የኢትሳ ጉድጓድ አፍ» ማለት ሲሆን፣ በትክክል ብትጠራ ሁለተኛዋ ድምፅ ጭ ናት።

ባለፈው ክረምት በፍርድ ቤት ኮሪደር ተራ ስጠብቅ ከጓቴማላ የመጣች የማም ቋንቋ አስተርጓሚ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ማም ከማያ ቋንቋዎች አንዱ ነው። እሷ ከማም ወደ ስፔንኛ፣ አጠገቧ ያለው ባልደረባዋ ከስፔንኛ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሳሉ፤ ልክ እንደ ማሊንትሲንና አጊላር። በእሱ በኩል ፀሐይ በማም ምን እንደሚባል ጠየቅኋት። «ቂኽ» አለች፤ ቂዋ ጠልቃ ከጉሮሮዋ ወጣች። «ቂኽ» አልኩ። ዞር ብላ ለባልደረባዋ በስፔንኛ አንድ ነገር ተናግራ ሳቀች። ምን አለች ብዬ ጠየቅኩት።

«ሦስት ዓመት አብረን ስንሠራ አንተ ያቃተህን ይኼ ሰውዬ በአንዴ አለው ነው የምትለኝ» አለ።